ድምፄን ያወረደው ማን ነው?

ሰኞ፣ ዩኒ 6

«አትጩኺ፤ አታንሾካሹኪ፤ ጉሮሮሽን አትጥረጊ። የሚያናድድሽ ነገር ሲመጣ ጻፊው» አለችኝ የኩፓት ሆሊም ክሊኒክ የድምፅ ሐኪሟ። ከልጄ ታንሳለች። እሺ፣ ይኸው ጻፍሁ። ከዛሬ ጀምሮ የምጮኸው እዚህ ነው።

ደብተሩን የገዛችልኝ ልጄ ሃዳር ናት። ሽፋኑ ላይ ቢራቢሮ አለበት። ስድሳ ዓመት ላለፋት ሴት ቢራቢሮ!

እኔ ጤነኛ ነኝ። ድምፄ ትንሽ የሻከረው በማዝጋኑ፣ በአየር ማቀዝቀዣው ነው። በቤርሼቫ በጋ ያለ ማዝጋን መተኛት አይቻልም፤ ቀዝቃዛው አየር ደግሞ ጉሮሮ ላይ ሲነፍስ ያድራል። ይህን ለማወቅ መማር አያስፈልግም። ለሐኪሟም ነገርኋት። ጭንቅላቷን ነቅንቃ ኮምፒውተሯ ላይ ሌላ ነገር ጻፈች።

ዛሬ ጠዋት ደግሞ ሬዲዮ። አንድ ዘፈንሽን እናሰማለን ብለው ደውለውልኝ ስለነበር ቁጭ ብዬ ጠበቅሁ። አቅራቢው ምን ቢል ጥሩ ነው? «አሁን ደግሞ አንጋፋዋን የባህል ዘፋኛችንን ትዋብን እንጋብዛችኋለን!» የባህል! ዕድሜዬን ሙሉ ሪትም ኤንድ ብሉዝና ጃዝ ዘፈንሁ። ማሲንቆ አጅቦኝ አያውቅም። ማሲንቆን ንቄ አይደለም፤ ግን ሰው በስሙ ይጠራ! አንጥረኛውን ሸማኔ ቢሉት ዝም ይላል?

ሐሙስ፣ ዩኒ 9

ከዒሪያ፣ ከከተማው ማዘጋጃ ቤት ተደወለ። ደዋይዋ ናአማ ትባላለች፤ የከተማው የባህል ክፍል ኃላፊ ናት። በዩሊ መጨረሻ ለእኔ ክብር በትልቁ አዳራሽ የሙዚቃ ምሽት ሊያዘጋጁ ነው። «አስብበታለሁ» አልኋትና ስልኩን ዘጋሁ። ከዚያ ወንበር ፈልጌ ተቀመጥሁ። ጠዋት ደረጃ ወጥቼ ስለነበር ነው።

ከሰዓት መልሼ ደወልሁና እሺ አልኋት። ያኔ የምሽቱን ስም ነገረችኝ፤ «ከጎጆ እስከ መድረክ»።

«የማን ጎጆ?» አልኋት።

«ያንቺ፤ ያደግሽበት።»

እኔ ያደግሁት አስመራ ነው። የተወለድሁት ጎንደር አጠገብ ቢሆንም በጡት ሳለሁ አባቴ ለሥራ ወደ አስመራ ወሰደን። በያጅ ነበር። ቤታችን ከጋራዡ ጀርባ የቆርቆሮ ክፍል ነበረች፤ ጎጆ አይደለችም! የጋራዡ ባለቤት ሬዲዮ ነበረው፤ የአሜሪካኖቹ የጦር ሰፈር ጣቢያ ላይ ነበር ተክሎት የሚውል። ከዚያ ውስጥ ሴቶች ይዘፍኑ ነበር። ቃላቸው አንዱም አይገባኝም። እንደተቆጡ ግን ገብቶኛል። አባቴ እናቴን ተቆጥቶ ሲወጣ እሷ ዝም ትል ነበር፤ እነዚያ የሬዲዮ ሴቶች ግን ዝም አላሉም። ያኔ ነው ለመዝፈን የወሰንሁት። ከዚያ አዲስ አበባ፣ የሆቴል ባንድ፤ በሰማንያ ሦስት በአውሮፕላን ወደዚህ። እዚህም የአሮጌው ከተማ ምድር ቤት ክለብ፣ ሠርጉ፣ በዓሉ፣ ሁለት አልበም። ከሁሉም ሰው የሚያውቀኝ በ«የጓሮ በር» ነው፤

በጓሮ በር ግባ፥ የፊቱን ዘጋሁት፤
ሰው እንዳያይህ ነው፥ አንተን መች ጠላሁት።

ይህ ጎጆ ውስጥ የተዘፈነ ይመስላል?

ደግሞ ናአማ ሀበሻ ቀሚስ ልበሺ አለችኝ። መድረክ ላይ በጥቁር ቀሚስ ካልሆነ ወጥቼ አላውቅም። ነገርኋት። «እንነጋገርበታለን» አለች። ምን እንነጋገራለን!

ረቡዕ፣ ዩኒ 15

ከዮአቭ ጋር ልምምድ። ዮአቭ ፒያኖ ተጫዋቼ ነው፤ ክለቡ ከተከፈተ ጊዜ ጀምሮ አብረን ነን። ሽኩና ቤት በሚባለው ሰፈር፣ ሊፍት የሌለው አሮጌ ሕንፃ ላይ ይኖራል። ወላጆቹ ከኢራቅ የመጡ ናቸው፤ አማርኛ አያውቅም፤ የእኔን ዘፈኖች ቃል ግን ከእኔ ይልቅ አስተካክሎ ያስታውሳል።

አርጅቷል። ጣቱ ከብዷል። ዘፈኑ ሁሉ እየተጎተተ፣ እግሩ እንደታሰረ በሬ ነው የሚመጣው። ድሮ «የጓሮ በር»ን ሲጀምርልኝ ከወንበሬ ያስፈነጥረኝ ነበር።

ሦስተኛው ስንኝ ላይ፣ ከፍ የምትለዋ ቦታ፣ ድምፄ ተሰነጠቀ። «ማዝጋኑን አጥፋው» አልሁት። አጠፋ። ደገምሁት። ተሰነጠቀ። «ፒያኖህን አስቃኘው እንጂ!» አልሁት።

«እሺ፣ አስቃኘዋለሁ» አለኝ።

በዓለም ላይ የሚከራከረኝ ሰው ቢኖር ዮአቭ ነው። ስለ ሻይ ስኳር እንኳ ይከራከረኛል። ዛሬ እሺ አለ። እሺታው አናደደኝ።

ደረጃውን ወርጄ፣ መነጽሬን ረስቼ ስለነበር ተመለስሁ። በሩ ገርበብ ብሎ ነበር። በስልክ እያወራ ነው። «አይ፣ አታውቅም። እኔም አልነግራትም» ይላል። ድምፅ አሰማሁና ገባሁ፤ ስልኩን ዘጋው። ለምሽቱ የሚደብቁኝ ነገር ሊኖራቸው ነው። ኬክ ይሆናል። ኬክ አልወድም።

ማክሰኞ፣ ዩኒ 21

ሱፐር ላይ እማማ ቦጋለች አገኙኝ፤ ከታችኛው ፎቅ ያሉት ጎረቤቴ። «ትዋብዬ፣ ድምፅሽ እንደ ወንድ ጎርነን አለሳ! ጉንፋን ነው?» አሉኝ በሰው ፊት። ሻጯም ቀና ብላ አየችኝ።

«ማዝጋኑ ነው እማማ።»

«እኔስ ማዝጋን የለኝም፤ ደህና ነኝ» አሉ።

ማን ጠየቃቸው!

ማክሰኞ፣ ዩኒ 28

ሆስፒታል። በአፍንጫዬ ካሜራ አስገቡብኝ። እንባዬ የፈሰሰው በካሜራው ነው። ሃዳር አብራኝ ገብታለች። የልጆች ትምህርት ቤት ምክትል ርእሰ መምህርት ስለሆነች ሁሉን ሰው እንደ ተማሪ ነው የምታየው፤ ሐኪሙንም እኔንም።

ሐኪሙ ጉሮሮዬን በስክሪኑ አሳየኝ። ሁለት ነጭ ገመዶች፤ አንደኛው ላይ ምስር የምታክል እብጠት። «ይህን በቀዶ ጥገና እናወጣዋለን፤ ምንነቱ ለምርመራ ይላካል። እስከዚያ መዝፈን የለም» አለ።

«ከዚያ በኋላስ?»

«ድምፅ ይኖርሻል። የትኛው ድምፅ እንደሚሆን ግን ልነግርሽ አልችልም።»

እንደ ሰው የተናገረ እሱ ብቻ ነው። ቢሆንም ከምሽቱ በኋላ ካልሆነ አልሁት። የኦገስት ቀጠሮ ሰጠኝ።

መኪና ውስጥ ሃዳር በዕብራይስጥ ለቀቀችው። እኔ በአማርኛ እናገራለሁ፣ እሷ በዕብራይስጥ ትመልሳለች፤ ከልጅነቷ ጀምሮ እንዲህ ነን። «ኢማ፣ አልሰማሽም? ምንነቱ አይታወቅም እኮ አለ!»

«ሰምቻለሁ። መጀመሪያ እዘፍናለሁ።»

«ለማን?»

«ምን አገባሽ» አልኋት። መሪውን በመዳፏ መታችው። ጡሩምባው ጮኸ፤ ፊታችን ያለው ሹፌር ሰደበን።

ማክሰኞ፣ ዩሊ 5

እሳት ለብሼ እሳት ጎርሼ ነው የምጽፈው።

የሰፈራችን የአውቶቡስ ፌርማታ ላይ የምሽቱ ፖስተር ተለጥፏል። የእኔ ፎቶ፣ በአንድ ሠርግ ላይ ነጠላ ለብሼ የተነሳሁት፣ ጥግ ላይ። መሀል ላይ አንዲት ወጣት፣ ፀጉሯን አፍሮ አድርጋ ማይክ ይዛለች። ጽሑፉ «ሺረል የእማማ ትዋብን ዘፈኖች ትዘፍናለች» ይላል። ከሥር በትንሹ፣ «የክብር እንግዳዋ በተገኙበት»።

በተገኙበት! እንደ ሟች ቤተሰብ!

የመጣው አውቶቡስ ላይ ወጣሁና በቀጥታ ዒሪያ ሄድሁ። ናአማን ቢሮዋ አገኘኋት። ቀጭን ሴት ናት፤ ስታየኝ ቡናዋን አስቀመጠች።

«በገዛ ዘፈኔ ምሽት እኔ አጨብጫቢ ነኝ?» አልኋት።

«ትዋብ ማሬ፣ ተቀመጪ። ሃዳር ደውላልን ነበር። ሐኪም እንደከለከለሽ ነገረችን። እኛ ያሰብነው ላንቺው ነው።»

«ማን?»

«ሃዳር። ልጅሽ።»

ከዚያ በኋላ ያልሁትን ሁሉ አላስታውስም። «ማን አሳቢ አደረጋችሁ!» ብዬ ልጮህ አፌን ከፈትሁ፤ እኩሌታው ወጣ፣ እኩሌታው አልወጣም። አፌ ይንቀሳቀሳል፣ ድምፅ የለም። ከጎን ክፍል ያሉ ሰዎች ብቅ ብለው አዩኝ። ናአማ ውሃ ሰጠችኝ። በውሃ ብርጭቆ ፊት መቆጣት አይቻልም። ጠጣሁትና ወጣሁ።

የቢሮው ማዝጋን በረዶ ነበር።

ረቡዕ፣ ዩሊ 6

ሃዳር ደወለች። አላነሳሁም።

ደወለች። አላነሳሁም።

ሐሙስ፣ ዩሊ 7

መጣች። ቁልፍ አላት፤ ሳታንኳኳ ገባች። «ኢማ፣ ጥፋተኛ ነኝ ብለሽ አትጠብቂኝ» አለችኝ በሩ ላይ ቆማ።

«በጀርባዬ ደወልሽ። በስሜ ተናገርሽ።»

«አዎ። እንደገናም አደርገዋለሁ። እኔ የምፈልገው እናት ነው፤ ዘፋኝ አይደለም።»

«ሁለት ሰው አልወለደሽም» አልኋት። «ያቺው አንዷ ናት።»

ወጥ አምጥታ ነበር። ፍሪጅ ውስጥ አስገብታው ሄደች። አልነካሁትም። ማታ ትንሽ ቀመስሁት። ጨው ያንሰዋል።

ሐሙስ፣ ዩሊ 14

ልጅቷ መጣች። ሺረል። እዚሁ ሰፈራችን ዩድ አሌፍ ነው ያደገችው፤ እናቷን በመልክ አውቃታለሁ። ወታደርነቷን ጨርሳ ሙዚቃ ትማራለች። «እማማ ትዋብ፣ ምርቃትሽን ፈልጌ ነው የመጣሁት» አለችኝ፤ አማርኛዋ በዕብራይስጥ ጥርስ የታኘከ ነው።

«ስሚ ልጄ» አልኋት፣ «‹እማማ› ካልሽኝ ‹እርስዎ› በይኝ። ‹አንቺ› ካልሽኝ ‹ትዋብ› በይኝ። ሁለቱን አትደባልቂብኝ።»

አሰበችበት። «እሺ፤ ትዋብ» አለች። አፏን እንዳልመታት፣ ምርጫውን የሰጠኋት ራሴ ነኝ።

እስኪ ዝፈኚ አልኋት። እጠብቅ የነበረው የዘመኑን ማንቋረር ነው። ኩሽናዬ ውስጥ ቆማ፣ ያለምንም ሙዚቃ፣ «የጓሮ በር»ን ጀመረች። ብርጭቆዎቹ የተንቀጠቀጡ መሰለኝ።

አስቆምኋት። «ከፍ አድርገሽዋል። እንዲህ ከፍ ብሎ አይዘፈንም። ዘፈኑ እዚያ አይደለም።»

«እዚያ ነው» አለች። «ከአልበምሽ ነው የተማርሁት። የሚነሳው ላ ከሚባለው ኖታ ላይ ነው።»

«አይደለም አልሁሽ!»

አልተከራከረችም። ስልኳን አወጣችና የድሮውን ዘፈኔን ከፈተችው። የዮአቭ ፒያኖ ገባ፤ ፈጣን፣ ቀላል፣ እንደ ድመት እግር። ከዚያ እኔ ገባሁ። ልጅቷ ከእኔ ጋር እኩል ማዜም ጀመረች፤ ቅድም ከዘፈነችበት ኖታ ሳትንቀሳቀስ። አንድ ሆነን። እኔና እሷ።

ስልኩን አጥፊው አልኋት። «ዮአቭ ሲያጅብሽ የት ላይ ነው የሚጀምርልሽ?»

«ላ ላይ።» ከዚያ ፊቷ ተለወጠ። «የእርስዎን ግን... ዝቅ አድርጎ ፋ ላይ እንደሚጫወት ነግሮኛል። የሚያውቁ መስሎኝ ነበር።»

ደንግጣ ‹እርስዎ› አለችኝ። በሩን ከፈትሁላት። ምርቃቱን ረሳሁት።

ዓርብ፣ ዩሊ 15

ሰንበት ሳይገባ ሽኩና ቤት ሄድሁ። ያንን ደረጃ ሁሉ ሳላርፍ ወጣሁት። ዮአቭ አትክልት እየከተፈ ነበር፤ ቢላውን እንደያዘ በሩን ከፈተ።

«ከመቼ ጀምሮ ነው?» አልሁት።

«ምኑ?» አላለኝም። ቢላውን አስቀመጠ። «ከኮሮና በፊት ነው። መጀመሪያ ግማሽ ድምፅ ብቻ ነበር ያወረድሁት። አንድ ሠርግ ላይ ጉንፋን ይዞሽ ነበር፤ ለዚያ ቀን ብቻ ብዬ ነበር። ደስ ብሎሽ ከመድረክ ወረድሽ። በሚቀጥለውም እዚያው ተውሁት። ከዚያ ሶል። ከዚያ ፋ።»

«እኔ ፒያኖህን እረግም ነበር!»

«አውቃለሁ።»

«ጣቱ ከበደ፣ አረጀ ብዬ ለሰው አምቼሃለሁ!»

«እሱንም ሰምቻለሁ። እውነትም አርጅቻለሁ።»

«ለምን አልነገርኸኝም?»

«ብነግርሽ ታቆሚያለሽ።»

«ታዲያ ማቆሙ የእኔ አይደለም? ባቆምስ?»

ዮአቭ በጨርቁ እጁን ጠረገ። ደጋግሞ ጠረገ፤ ደርቋል እኮ፣ አሁንም ይጠርጋል። «እኔስ?» አለኝ። «አንቺ ብታቆሚ እኔ ለማን እጫወታለሁ? አስበሽዋል?»

ያን ቀን በስልክ «አልነግራትም» ይል የነበረው ለሃዳር ነበር፤ ራሱ ነገረኝ። እሷም ታውቅ ነበር። ሁሉም ያውቃል። ሠርገኛው፣ ባሲስቱ፣ ድራመሩ። በገዛ ድምፄ ላይ ሁሉ ተማክሯል፤ ያልተጠራሁት እኔ ነኝ። ሳላውቅ እንደ ሕፃን ታዝዬ መድረክ ለመድረክ ስዞር ኖሬያለሁ።

በሩን በጣም ነው የዘጋሁት። ከላይ ያለች ሴት «ምንድነው?» ብላ ጮኸች።

ሰኞ፣ ዩሊ 18

የሙዚቃ ምሽቱ ላይ አልገኝም። ለናአማም እንዲህ ብዬ መልእክት ላክሁ። ልጅቷ ትዝፈን። ዮአቭም ላ ላይ ይጫወትላት፣ ደስ ይበለው።

ማክሰኞ፣ ዩሊ 19

መታጠቢያ ቤት ገባሁና በሩን ቆለፍሁ። ከስልኬ ላይ የድሮውን ዘፈን ከፈትሁ። ላ ላይ ሞከርሁት። ቀስ ብዬ። አንዴ። ሁለቴ። የወጣው ነገር ዘፈን አይደለም።

ማዝጋኑ ጠፍቶ ነበር።

እሑድ፣ ዩሊ 24

ሺረል ደወለች። ‹ትዋብ› ብላ ጀመረችና ድምጿ ተንቀጠቀጠ። ሁለተኛው ስንኝ አልመጣልኝም አለች። ስልኩን ልዘጋው ነበር።

«ስትዘፍኚው ትስቂያለሽ?» አልኋት።

«አዎ... የፍቅር ዘፈን አይደል?»

«አንድ ሰው በፊት በር እንዳይገባ የከለከለችው ሴት ትስቃለች? አፍራበት ነው። እሱ ላይም ተቆጥታለች፤ ራሷ ላይም። እየወደደችው ነው የተቆጣችው። ጥርስሽን ክደኚና ዝፈኚው።»

በስልክ ዘፈነችልኝ። ደግሚው አልኋት። ደገመችው። መጣላት።

ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ ለናአማ ሁለተኛ መልእክት ላክሁ፤ «እመጣለሁ። በጥቁር ቀሚስ። የጎጆውን ስም ሰርዙ።» የጎጆውን ስም መሰረዝ አይቻልም፣ ፖስተሩ ታትሟል አለች። ቀሚሱን ግን እሺ አለች።

ዓርብ፣ ዩሊ 29

ትናንት ሆነ። ከጠዋት ጀምሮ ስልኬ እየጮኸ ነው፤ መናገር ስለማልችል አላነሳም። ስለዚህ ሁሉንም እዚህ ልጻፈው።

የፊት ረድፍ ላይ አስቀመጡኝ። አዳራሹ ሙሉ ነበር፤ ሠርጋቸው ላይ የዘፈንሁላቸው ሰዎች ልጆቻቸውን ይዘው መጥተዋል። ሺረል ጥሩ ዘፈነች። አልዋሽም። ሦስት ዘፈን ሙሉ ስሕተት ፈለግሁባት፤ አንድም አላገኘሁም። እንዴት እንደተናደድሁ!

ከዚያ ናአማ ወጣችና ስለ ጎጆዬ ተናገረች። እቅፍ አበባ ይዛ «የክብር እንግዳችን ሰላምታ ታቀርባለች» አለች። ወጣሁ። አበባውን ተቀብዬ መሬት ላይ አስቀመጥሁት፤ ማይክ በአበባ አይያዝም።

በዕብራይስጥ፣ ቀጥሎም በአማርኛ ነገርኋቸው። «ያደግሁት ጎጆ ውስጥ አይደለም፤ አስመራ፣ ከጋራዥ ጀርባ ነው። የባህል ዘፋኝ አይደለሁም፤ ብሉዝ ዘፋኝ ነኝ። አሁን ድምፄ ታሟል። ይህንንም ከእኔ ከራሴ ስሙት፤ ከሌላ ሰው አይደለም።»

አንድ ሰው አጨበጨበ፤ ብቻውን መሆኑን አይቶ ተወው።

ወደ ዮአቭ ዞርሁ። ከዚያ ዓርብ ወዲህ አንድ ቃል አልተነጋገርንም። «‹የጓሮ በር›» አልሁት።

ቀና ብሎ አየኝ። ፊቱ አመድ መስሏል። ከማይኩ ርቆ፣ በከንፈሩ ብቻ «የት ላይ?» አለኝ።

«አውርደው» አልሁት። «ካወረድኸው ሁሉ በታች አውርደው። አሁን እያወቅሁት ነው።»

ሬ ላይ ገባ። ከፋ በታች፣ እሱ እንኳ ሊነካው ያልደፈረው ቦታ። ዘፈኑ እዚያ ሌላ ዘፈን ነው። ልጅቷ ኩሽናዬ ውስጥ የዘፈነችው ሲሄድ የሚያስፈነጥር ነበር፤ ይሄኛው ተቀምጦ የሚጠብቅ ነው። ድምፄ ሻካራ ነበር፤ እንደ ጠጠር መንገድ። ግን ነበረ። የመጀመሪያውን ስንኝ ጨረስሁት።

ሁለተኛው ላይ ተሰበረ። በአንድ ጊዜ፣ እንደ ክር። ከኋላዬ ሺረል ትንፋሽ ስትወስድ ሰማኋት፤ ልትሸፍንልኝ ነው። እጄን ከፍ አደረግሁ። ቆመች። ዮአቭ ያቺኑ ቦታ እየደጋገመ፣ ቶሎ በዪ ሳይለኝ፣ ጠበቀኝ። አዳራሹ ውስጥ የማዝጋን ድምፅ ብቻ ይሰማ ነበር።

መዝፈን አልቻልሁም። ስለዚህ ተናገርሁት። «ሰው እንዳያይህ ነው፤ አንተን መች ጠላሁት» ብዬ፣ በተሰበረው ድምፅ፣ ለአንድ ሰው እንደሚነገር። ቃሉን እስከ መጨረሻው ተናገርሁ። አንዱንም አልዘለልሁም። ዮአቭ ሲዘጋው ሁለት እጁን ቁልፎቹ ላይ ተወው፤ አላነሳውም።

ሰው ተነሳ። ጩኸቱ ብዙ ነበር። እኔ ያየሁት ግን ሦስተኛው ረድፍ ላይ ሃዳርን ነው። ሁሉ ሲነሳ እሷ አልተነሳችም፤ ፊቷን በሁለት እጇ ይዛ ተቀምጣ ነበር። አልቅሳ ይሁን ተናድዳ አላውቅም። የእኔ ልጅ ናት፤ ሁለቱም ይሆናል።

ሐሙስ፣ ኦገስት 18

ቀዶ ጥገናው ከትናንት ወዲያ ተደረገ። ከሳምንት በላይ ድምፅ ማውጣት ክልክል ነው። መሳል እንኳ ተከልክሏል። በነጭ ሰሌዳ ላይ እየጻፍሁ ነው የምግባባው። «ሻዩ ቀዝቅዟል» ብሎ ለመጻፍ የሚፈጀው ጊዜ! ተቆጥቼ ጽፌ እስክጨርስ ቁጣው ያልቃል፤ ይህ ራሱ ያናድዳል።

ሃዳር ከሥራ ፈቃድ ወስዳ እኔ ዘንድ ናት። ዛሬ ከሰዓት ልብስ እያጣጠፈች በድንገት በአማርኛ ማውራት ጀመረች። እኔ ስለማላርማት ይሆናል። ቃል ሲጠፋት እየዘለለች፣ ወንዱን ሴት፣ ሴቱን ወንድ እያደረገች።

«ሠርግ ስትዘፍኚ አባባ ከመድረክ ኋላ ሁለት ወንበር አገጣጥሞ ያስተኛኝ ነበር» አለች። «አልተኛም ነበር። ዓይኔን ጨፍኜ አንቺን እሰማለሁ። ልጆቹ ‹እናትሽ ናት?› ሲሉኝ ‹አይደለችም› እላቸው ነበር። አፍሬብሽ አይደለም። አዎ ካልሁ የሚወስዱሽ ይመስለኝ ነበር። ሁሉም ሰው ይፈልግሽ ነበር እኮ፣ ኢማ።»

ሸሚዜን አጣጠፈች፤ ፈታችው፤ እንደገና አጣጠፈች። «ለናአማ መደወሌ ልክ አልነበረም ልበልሽ? አልልም። ግን ትናንት ሐኪሙ ከክፍሉ እስኪወጣ ስጠብቅ ያሰብሁት፣ ከእንግዲህ ባትዘፍኚ እኔ በምን እተኛለሁ ብዬ ነው።»

ሰሌዳውን አነሳሁ። ብዙ ነገር ልጽፍ ነበር። «‹ትናንት› አይደለም፤ ‹ከትናንት ወዲያ› ነው» ብዬ ጻፍሁ።

አነበበችው። ሳቀች፤ ከዚያ ራሷን ጭኔ ላይ አድርጋ ቆየች። እግሬ ደነዘዘ። አላንቀሳቀስሁትም።

ማክሰኞ፣ ኦገስት 23

ውጤቱ መጣ። ክፉ ነገር አይደለም።

እማማ ቦጋለች «እግዚአብሔር ይመስገን» ሊሉ መጥተው ስለ አምስቱ ልጆቻቸው፣ ስለ ጉልበታቸው፣ ስለ አውቶቡሱ አወሩኝ። መልስ መስጠት እንደማልችል አውቀው ነው። ሲወጡ «እንዴት ጥሩ ጨዋታ ተጫወትን!» አሉ።

እሑድ፣ ኦገስት 28

ሐኪሙ በካሜራው አየና «ቆንጆ ድኗል» አለ። «ስምሽን በይ፤ ሳታስገድጂው።»

«ትዋብ» አልሁ።

የወጣው ድምፅ የእኔ አይደለም። ወፍራም ነው፣ ዝቅ ያለ፣ መሀሉ ላይ አየር የሚያስገባ ቀዳዳ ያለው። ሌላ ሴት በእኔ አፍ ስሟን የተናገረች መሰለኝ። ሃዳር አፏን ያዘች። ሐኪሙ «ጊዜ ስጪው፤ ከዚህ ብዙም ላይለወጥ ግን ይችላል» አለኝ። ልናደድ ሞከርሁ፤ በማን ላይ እንደምናደድ አላገኘሁትም።

ቤት ስንደርስ ሃዳር ስልኬን አምጥታ ጠረጴዛው ላይ፣ ፊት ለፊቴ አስቀመጠችው። ምንም አላለችም። ገበያ ልሂድ ብላ ወጣች። ገበያ የሚያስኬድ ነገር አልነበረም።

ደወልሁ።

«ሃሎ?» አለ ዮአቭ።

«እኔ ነኝ።»

«ማን ልበል?» አለኝ። «ማን ነሽ?»

ይህን ሁሉ ዘመን አብሮኝ ኖሮ! እዚያው ቁጣዬ መጣልኝ። «አንተ ሌባ! ድምፄን እየሰረቅህ ስታወርድ ኖረህ፣ ዛሬ ማን ነሽ ትለኛለህ?»

በዚያኛው ጫፍ ወንበር ሲጎተት ሰማሁ፤ የፒያኖው ክዳን ሲከፈት ሰማሁ። አንድ ቁልፍ ነካ፤ እስኪጠፋ ጠበቀው።

«እዚህ ነሽ?» አለኝ።

አንጎራጎርሁለት። አይደለም። «ከዚያ በታች» አልሁት።

ሌላውን ነካ። «እዚህ?»

«አሁንም በታች።»

ትንፋሹ ይሰማኛል። ጣቱ ቀስ ብሎ ሲፈልግ ይታየኛል፤ አይቸኩልም። አንዱን ነካ፣ ተወው፤ ቀጥሎ ካለው ጋር አብሮ ያዘው። ድምፄን ከሥሩ አስገባሁ። ቆመ። ቀዳዳው እንዳለ፣ ሳይሰበር ቆመ።

«እዚህ ነሽ?»

«እዚህ ነኝ» አልሁት።